በግዳጅ ላይ ለተሰዉና ለተጎዱ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ቤተሰብ የመረዳጃ ፈንድ እንዴት ይቋቋማል?

«አንድ የእሳት አደጋ ተከላካይ ሞቶብናል፤ ለቤተሰቡ ገንዘብ ማሰባሰብ እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዳንዴ ሟቹ የአምቡላንስ ባለሙያ ነው፤ አንዳንዴ ፖሊስ፤ አንዳንዴ ደግሞ ደመወዝ የማይከፈለው የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ። ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጥሩ ፈንድ የሚቋቋመው አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። ደንቡ፣ የባንክ ሂሳቡና ፎርሙ ቀድመው ከተዘጋጁ ገንዘቡ በሁለት ቀን ውስጥ ቤተሰቡ እጅ ይገባል። ካልተዘጋጁ ኮሚቴው በደንብ ጉዳይ ሲከራከር ቤተሰቡ ለቀብር ገንዘብ ይበደራል። አደጋው አሁን ደርሶባችሁ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ዝለሉትና ወደ ደረጃ 6 ሂዱ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ይደረስለት። ነገሩ ጋብ ሲል ወደ ደረጃ 1 ትመለሳላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 5 ወይም 7 የኮሚቴ አባላት። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ውሳኔ እንዳይቆም ነው። ቢያንስ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ አንዱ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይሁን።
- በፈንዱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ፣ ሦስት ፈራሚዎች ያሉት።
- ሁለት ሦስት ገጽ የሆነ መተዳደሪያ ደንብ።
- ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ የቤተሰብ መረጃ ፎርምና የሚታሸግ ፖስታ።
- ቁልፍ ያለው ካቢኔት።
- ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ፣ የገቢና ወጪ መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተር።
- ቀንም ሌሊትም የሚነሳ አንድ ስልክ ቁጥር።
- በነፃ ለማገልገል ቃል የገቡ የሕግ ባለሙያና የሥነ ልቦና አማካሪ።

ደረጃ 1፦ ማንን፣ መቼ እንደምትረዱ በጽሑፍ ወስኑ

«የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ» ስትሉ እነማንን ማለታችሁ እንደሆነ ዘርዝሩ። እሳት አደጋ ተከላካይ፣ የአምቡላንስ ባለሙያና ፖሊስ ወዲያው ይታወሳሉ። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛውና በጎ ፈቃደኛው ግን ይረሳሉ። በጎ ፈቃደኛው ብዙ ጊዜ ጡረታም ኢንሹራንስም የለውም። ስለዚህ እርዳታው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው የእሱ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ «በግዳጅ ላይ» የሚለውን አብራሩ። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። እሳት ውስጥ ገብቶ ስለሞተው ማንም አይከራከርም። ከጥሪ ተመልሶ ማታ ቤቱ ልቡ ቀጥ ያለውስ? ልምምድ ላይ የወደቀውስ? ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና የገጨውስ? ጡረታ ከወጣ በኋላ ካንሰር የያዘውስ?

የሌሎችን ልምድ ማየት ይረዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ፣ ሠራተኛው ከባድ ግዳጅ ወይም ልምምድ ላይ ቆይቶ በ24 ሰዓት ውስጥ በልብ ድካም ወይም በስትሮክ ቢሞት፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ በሥራ ምክንያት እንደሞተ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በግዳጅ ላይ ካዩት አሰቃቂ ነገር የተነሳ ራሳቸውን ያጠፉ ሠራተኞችን ቤተሰቦች፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች፣ መንግሥት በሚከፍለው የሞት ካሳ አካቷል። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእሳት አደጋ ተከላካይነት ሥራን ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የእኔ ምክር እነዚህን ሁሉ ደንባችሁ ውስጥ እንድታስገቡ ነው። በሽታ ቀስ ብሎ ስለገደለ የቤተሰቡ ችግር አይቀልም።

ለተጎዳም መስፈርት አስቀምጡ። ለምሳሌ «ከ14 ቀን በላይ ከሥራ ያስቀረ ጉዳት» ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለምን ቀድሞ ይጻፋል? በሐዘን መሀል በሚሰጥ ውሳኔ ውስጥ ወዳጅነት ይገባል። ተወዳጁ ሟች ብዙ ያገኛል፤ ዝምተኛው ይረሳል። ደንቡ ቀድሞ ሲጻፍ ግን የማን ቤተሰብ ላይ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

ደረጃ 2፦ ኮሚቴውን አቋቁሙ፤ ሕጋዊ አድርጉት

በአገራችሁ ሕግ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚመዘገብበትን ቦታ ጠይቃችሁ ተመዝገቡ። አዲስ መመዝገብ ከከበደ፣ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር በጽሑፍ ተስማምታችሁ በእሱ ሥር መሥራት ይቻላል። የሕግ ባለሙያችሁ የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው።

ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ አይቅር፦ ውሳኔ የሚሰጥበት ቤተሰብ የኮሚቴ አባል ዘመድ ከሆነ አባሉ ከስብሰባው ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ደረጃ 3፦ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ

ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይወጣም። ሦስተኛው የሚያስፈልገው አንዱ ቢታመም ወይም መንገድ ላይ ቢሆን ክፍያው እንዳይቆም ነው። ሁለቱ ፈራሚዎች ባልና ሚስት ወይም ወንድማማች አይሁኑ።

መዝገባችሁ ላይ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ አጠቃላይ ገንዘብ ነው፤ ደንቡ ለሚመለከተው ለማንኛውም ቤተሰብ የሚውል። ሌላው በስም የተሰጠ ነው፤ «ለእገሌ ቤተሰብ» ተብሎ የገባ። «ለእገሌ» ተብሎ የተሰጠውን ለሌላ ማዋል ሰጪውን ማታለል ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ደግሞ መለየት አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ በብዙ አገር የግብር ሕጉም ሁለቱን ለያይቶ ያያቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ በስም ለተጠቀሰ ቤተሰብ የተሰጠ ገንዘብ በአብዛኛው ለሰጪው የግብር ቅናሽ አያስገኝም። ለተመዘገበ በጎ አድራጎት አጠቃላይ ፈንድ የተሰጠው ግን ሊያስገኝ ይችላል። የአገራችሁን ሕግ ሳታጣሩ ለለጋሾች «ከግብር ይቀነስላችኋል» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ደረጃ 4፦ የታሸገውን ፖስታ አዘጋጁ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይሄ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው።

እያንዳንዱ ሠራተኛ በጤናው ሳለ፣ በራሱ እጅ አንድ ፎርም ይሞላል። አሽጎ፣ በማሸጊያው ላይ ፈርሞ ይሰጣችኋል። ሰው ሞቶ ወይም ራሱን ስቶ ካልሆነ አይከፈትም። የአሜሪካው ብሔራዊ የተሰዉ እሳት አደጋ ተከላካዮች ፋውንዴሽንም ጣቢያዎች ተመሳሳይ ቅጽ ቀድመው እንዲያስሞሉ ይመክራል። ፎርሙ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦

- መርዶው ለማን፣ የት እንደሚነገር፤ አብሮ እንዲሄድ የሚፈልገው የሥራ ባልደረባ ማን እንደሆነ።
- እንዲመጣ የማይፈልገው ሰው ካለ ስሙ።
- የልጆቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤት። ከሌላ ትዳር ወይም ከትዳር ውጭ የተወለዱትንም ጨምሮ።
- በእሱ ገቢ የሚኖሩ ወላጆች ወይም ወንድም እህቶች።
- ከቤተሰቡ የልብ በሽታ፣ ስኳር ወይም እርግዝና ያለበት ሰው።
- ኑዛዜ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የቤት ሰነድ የት እንደተቀመጡ።
- የፈንዱ ክፍያ ለማን፣ በምን ያህል ድርሻ እንዲሰጥ እንደሚፈልግ።

«ቤተሰብ» ማን እንደሆነ ከሞት በኋላ መወሰን ከባድ ነው። ያሁኗ ሚስት አለች፤ የቀድሞዋ ከሁለት ልጆች ጋር አለች፤ እናትም አለች። ሦስቱም እውነት አላቸው። ኮሚቴው አንዷን ከመረጠ ሌሎቹን በድሏል ይባላል፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ሟቹ ራሱ የጻፈው ወረቀት ሲኖር ግን የኮሚቴው ሥራ የእሱን ቃል መፈጸም ብቻ ይሆናል። ድርሻው የአገሩን የውርስና የልጅ ቀለብ ሕግ እንዳይጥስ የሕግ ባለሙያችሁ ባዶውን ፎርም አስቀድሞ ይየው።

የበሽታው ጥያቄ ደግሞ ለመርዶ ነው። ልብ ሕመምተኛ እናት ዘንድ ያለ ሐኪም አይኬድም።

ፖስታው በየዓመቱ ይታደስ። ሰው ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲፈታ ወዲያው ይቀየር። አሮጌው በባለቤቱ ፊት ይቀደድ። ሠራተኞች ሞታቸውን እንደመጥራት ቆጥረውት እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ። አትጫኗቸው። አለቆቹ መጀመሪያ ይሙሉ፤ ሌላው ይከተላል።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን ቀድማችሁ አጠራቅሙ

ከጥቂት ሰው ብዙ ከመጠበቅ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ይሻላል። በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ ትንሽ ገንዘብ በዓመት አንዴ ከሚዘጋጅ ትልቅ ዝግጅት ይልቅ ያስተማምናል፤ ምን ያህል እንደሚገባ ታውቁታላችሁና። አሜሪካ ውስጥ «መቶ ክለብ» የሚባሉት ማኅበራት ዋና ገቢያቸው የአባላት ዓመታዊ መዋጮ ነው። አደጋ ሲደርስ ቤተሰቡ ጋ ቶሎ የሚደርሱትም ገንዘቡ ቀድሞ ስላለ ነው።

የማይነካ መጠባበቂያ ይኑራችሁ። ልኩ ቢያንስ የሁለት አደጋ የመጀመሪያ ክፍያ ይሁን። ሕንፃ ሲደረመስ ወይም መኪና ሲገለበጥ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ሀ. አረጋግጡ። ወሬውን ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም አትውሰዱ። መሥሪያ ቤቱን በቀጥታ ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ ለቤተሰቡ መርዶውን በይፋ ሳይነግር ከእናንተ ማንም ደጃፉ አይድረስ። አንዲት ሚስት የባሏን ሞት የገንዘብ ፖስታ ከያዘ እንግዳ ሰው መስማት የለባትም።

ለ. ሠራተኛው ቀድሞ የሞላው የታሸገ ፖስታ (ደረጃ 4) ካለ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ክፈቱት። የተከፈተበትን ሰዓት ጽፋችሁ ፈርሙ።

ሐ. አንድ አገናኝ ሰው መድቡ። አንድ ብቻ። ለሐዘንተኛ አምስት ሰው እየደወለ አምስት ዓይነት ነገር ሲነግረው ሁለተኛ ሐዘን ይሆንበታል። አገናኙ የሟቹ የቅርብ ጓደኛ ባይሆን ይመረጣል። ጓደኛው ራሱ ሐዘንተኛ ነው፤ ይተውት፣ ያልቅስ።

መ. የመጀመሪያውን ክፍያ ስጡ። መጠኑ በደንቡ ቀድሞ የተቆረጠ፣ ለአለቃውም ለአዲስ ተቀጣሪውም እኩል ይሁን። ለዚህ ክፍያ ማመልከቻ አይጠየቅም። ይህን ያህል መቸኮል ለምን? የሟቹ የባንክ ሂሳብ እስከ ውርስ ማጣሪያ ድረስ ሊታገድ ይችላል። ባንክ ውስጥ ገንዘብ እያላቸው ለታክሲ የሚሆን ሊያጡ ይችላሉ። ክፍያው በባንክ በኩል ለተቀባዩ ሂሳብ ቢገባ ማስረጃው በራሱ ይገኛል። በእጅ የሚሰጥ ከሆነ ሁለት ሰው ይሂድና አንዱ በምስክርነት ይፈርም።

አገናኙ ሲገባ የሚለው አጭር ይሁን። እንዲህ ዓይነት፦ «ከሠራተኞቹ መረዳጃ ፈንድ ነው የመጣሁት። ይቺ ለዚህ ሳምንት ወጪ ናት። የምትመለስ አይደለችም፤ የሚሞላ ወረቀትም የለም። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ገንዘብም ስለ ሰነድም የማነጋግርዎት እኔ ነኝ። ስልኬ ይኸው። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።» ከዚያ ነገ ጠዋት መደወል ነው።

«የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይንገሩን» ማለት ብዙም አይጠቅምም። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያስፈልገው ማሰብ የሚችል ሐዘንተኛ የለም። በምትኩ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ልጆቹን ነገ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣቸዋል?» «የቤት ኪራዩ የሚከፈለው መቼ ነው?» «የሚወስዱት መድኃኒት አለ? አልቆ ይሆን?» ለእነዚህ መልስ አለው። መልሱም ለእናንተ ሥራ ነው።

ሠ. ሕዝባዊ ጥሪ የምታደርጉት ቤተሰቡ ከፈቀደ በኋላ ነው። አንድ ገጽ፣ አንድ የሂሳብ ቁጥር፣ አንድ ስልክ። ፎቶ ከሚወጣ ቤተሰቡ የመረጠው ይሁን፤ የአደጋው ቦታ ፎቶ በፍጹም አይውጣ። የልጆች ስምና የመኖሪያ አድራሻም አይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዜናው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ በሟቹ ስም ገንዘብ የሚለምኑ የሐሰት ገጾች ሊከፈቱ ይችላሉ። ስለዚህ ጥሪያችሁ ላይ «ከዚህ ሂሳብ ሌላ የለንም፤ ስልክ ደውለን ገንዘብ አንጠይቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ሐሰተኛ ገጽ ስታገኙ ለፖሊስና ገጹ ለተከፈተበት ኩባንያ አመልክቱ።

ደረጃ 7፦ የተጎዳውን አትርሱ

ለሞተ ሰው ሕዝቡ ይወጣል። ለተጎዳው አንድ ሳምንት ይጠየቃል፣ ከዚያ ጭር ይላል። ወጪው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ከባድ ቃጠሎን እንውሰድ። የቆዳ ንቅለ ተከላው አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እንዳያብጥና እንዳይኮማተር በልክ የተሰፋ አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ይታዘዛል። በቀን እስከ 23 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይለበሳል። አንዱ ሲታጠብ የሚቀየር ሁለተኛ ያስፈልጋል። እየላላም ስለሚሄድ በየጥቂት ወሩ ይተካል። ይህን ሁሉ ኢንሹራንስ ላይሸፍን ይችላል። ፈንዱ የሚገባው እንዲህ ባለው ቀዳዳ ነው።

ሌሎች በተደጋጋሚ የሚታለፉ ወጪዎች አሉ፦ አስታማሚው ሆስፒታል አጠገብ የሚያድርበት ቤት፣ የትራንስፖርት፣ አስታማሚው ከሥራ በመቅረቱ ያጣው ደመወዝ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሰፋ በርና መታጠቢያ ቤት። ቤት ከማስተካከላችሁ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤቱን ይይላችሁ። አለበለዚያ ወንበሩ የማይዞርበት መታጠቢያ ቤት ሠርታችሁ ታርፋላችሁ።

የአእምሮ ጉዳትንም እንደ አካል ጉዳት ቁጠሩት። ለምክር አገልግሎት የሚከፈለው ሠራተኛው አለቃውን ሳያስፈቅድ ይሁን። ስሙን ለኮሚቴው በሙሉ መንገር ካለበት አይመጣም።

ደረጃ 8፦ የካሳና የጡረታ ሰነዱን አብራችሁ ጨርሱ

ከመንግሥት ካሳ፣ ከኢንሹራንስና ከጡረታ የሚገኘው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ፈንዱ ሊሰጥ ከሚችለው ይበልጣል። ችግሩ ግን ጥያቄው ቀነ ገደብ አለው። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል የሞት ካሳ ጥያቄ የሚቀርበው በመደበኛነት በ3 ዓመት ውስጥ ነው። አጭር ቀነ ገደብ ያላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ አገናኙ በመጀመሪያው ወር የቀነ ገደብ ዝርዝር ያውጣ።

አንድ ማኅደር ክፈቱና እነዚህን ሰብስቡ፦ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬቶች፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የአደጋ ሪፖርት፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት። የሞት የምስክር ወረቀቱን በአንዴ ብዙ የተረጋገጠ ቅጂ አስወጡ። ባንኩም ኢንሹራንሱም ጡረታውም የየራሱን ይጠይቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤተሰቡ በዝቅተኛ ገቢ መስፈርት የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ፣ ከእናንተ በአንዴ የሚገባለት ትልቅ ገንዘብ ድጎማውን ሊያስቆርጥበት ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የሕግ ባለሙያውን ጠይቁ። አንዳንዴ ለአከራዩ ወይም ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ መክፈል ይሻላል።

ደረጃ 9፦ የዓመታቱን ዕቅድ አውጡ

ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ፦ 3ኛው ወር፣ 6ኛው ወር፣ ሙት ዓመቱ፣ ከዚያ በየዓመቱ። በእነዚህ ቀናት አገናኙ ይደውላል። ሦስተኛው ወር ከባድ ነው። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመልሷል፤ ካሳው ገና አልወጣም።

የልጆች ትምህርት ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይግባ። እስከ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ በደንቡ ጻፉ። ለሕፃን በስሙ የሚቀመጥ ገንዘብ እስኪያድግ ድረስ በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፤ የሚያስተዳድረውም በሕግ የታወቀ ሞግዚት ይሁን። ዘመድ ስለሆነ ብቻ አይሰጠው።

ደረጃ 10፦ ሂሳቡን በአደባባይ አሳዩ

በዓመት አንድ ጊዜ ከኮሚቴው ውጭ በሆነ ኦዲተር አስመርምሩ። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ስንት ቤተሰብ ተረዳ የሚለውን አውጡ። የቤተሰቦቹ ስምና የያንዳንዳቸው ድርሻ ግን አይውጣ። ለጋሹ ሂሳቡን የማወቅ መብት አለው፤ የጎረቤቱን ጓዳ የማወቅ መብት ግን የለውም።

የተለመዱ ስህተቶች

- ገንዘብ በግለሰብ ሂሳብ ማሰባሰብ። ሰውየው መልአክ ቢሆን እንኳ ቢሞት ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል።
- በዝግጅት ላይ ትልቅ ቼክ አስይዞ ፎቶ ማንሳት። ቤተሰቡን ለሌባም፣ ለአበዳሪም፣ ለድንገተኛ ዘመድም ያጋልጠዋል።
- «ቤታችሁን እንገዛላችኋለን»፣ «ልጆቹን እስከ ዩኒቨርሲቲ እናስተምራለን» ብሎ በለቅሶው ላይ ቃል መግባት። በባንክ የሌለ ገንዘብ ቃል አይገባበትም።
- የተሰበሰበውን በሙሉ ለአንድ ቤተሰብ ሰጥቶ ለቀጣዩ ባዶ እጅ መቅረት።
- ዕቃ ማሰባሰብ። ያገለገለ ልብስና የቤት ዕቃ የሚከማችበት ቤት ለሐዘንተኛው ሌላ ሥራ ነው። እሱ ካልጠየቀ አትቀበሉ።
- ወጪን ለማረጋገጥ ቤተሰቡን በየሱቁ ደረሰኝ መጠየቅ። ለመጀመሪያው ክፍያ ደረሰኝ አያስፈልግም። ለቤት ጥገና ወይም ለሕክምና ለሚሰጠው ደግሞ ደረሰኙን ቤቱን ከጠገነው ባለሙያ ወይም ከሆስፒታሉ ራሳችሁ ተቀበሉ።
- ፈንዱ ቢዘጋ የተረፈው ገንዘብ ለማን እንደሚሄድ አለመጻፍ። ተመሳሳይ ዓላማ ያለው የተመዘገበ ድርጅት ስም ደንቡ ላይ ይኑር። በስም የተሰጠና ያልተከፈለ ገንዘብ ካለ ከመዘጋቱ በፊት ለባለቤቱ ይከፈል።